ተረካቢ አልተገኘም

በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ደሴ ሸዋበር ሰፈር የሚኖር ይመር አሊ የተባለ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ሥራ ላይ እያለ ኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ ድፍት አለበት። መሥሪያ ቤቱ ይህን «የጨዋታ መቋረጥ» ይለዋል። በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ የተቋረጠበት ሰው አውቆ እንደወደቀ ይቆጠራል፤ የተጫዋችነት ፈቃዱንም ይነጠቃል።

ፈቃዱን የተነጠቀ ሰው አይታሰርም። ተመልካች ይደረጋል። ኮምቦልቻ ባለው አዳራሽ ለሰባት ዓመት፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ ሌሎች ሲጫወቱ እያየ ያጨበጭባል። የይመር ጎረቤት አቶ ሞላልኝ ሰባት ዓመቱን ጨርሶ ዓምና ተመልሷል። ጤናው ደህና ነው። ሚስቱ ወጥ ስታወጣ ብቻ ያጨበጭባል።

የይመር ሚስት ሉባባ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ይመር ሰባት ዓመት ላይ ሁለት ወር ይቀንስና ልጁ ስንት ዓመት ሲሆነው እንደሚመለስ ያሰላል። ስሌቱ ቀላል ቢሆንም በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይሠራው ነበር።

ሥራ ጨዋታ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ከተማው ጸጥ ይላል፤ ሰው ሁሉ በየቤቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይቀመጣል። ይመር የሚጫወተው «ዳገት» የሚባለውን ነው። እንስራ ያዘለ ሰው ከወንዝ ተነሥቶ ተራራ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ እንስራውን ያስቀምጣል፤ ሌላ ሊያመጣ ይወርዳል። ሰውዬው በዳገቱ ላይ ሲራመድ በሌላ ቦታ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። ምን እንደሆነ ለተጫዋቹ አይነገርም። መመሪያው «ማወቁ ለትኩረቱ አይጠቅመውም» ይላል። ሉባባ የመርከብ ዕቃ ነው ትላለች። አቶ ሞላልኝ ጡብ ነው ይላል። ኮምፒውተሩ ድፍት ባለ በማግስቱ ግን ሁልጊዜ አንድ መልእክት ይመጣል፦ «በሌላ ቦታ የደረሰ ጉዳት፦ አንድ»። የምን አንድ እንደሆነ አይገልጽም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የብልሽት መርማሪው መጣ። ስሙ ምትኩ ወልዴ ነው፤ አርባ ስድስት ዓመቱ፣ ቀጭን፣ ጫማውን በር ላይ ሦስት ጊዜ የሚጠርግ ሰው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አራት ሺህ ኮምፒውተር ከፍቷል። በእሱ መዝገብ መሠረት ከመቶ ድፍት ስድሳው ሙቀት ነው፤ ሃያው መብራት፣ አሥራ አምስቱ የላላ ገመድ። የቀረው አምስት ውሸት ነው።

በሩን የከፈቱለት የሉባባ እናት ወይዘሮ ዚነት ናቸው። ልጃቸውን ሊያርሱ ከሐይቅ የመጡት በመስከረም መጨረሻ ነው።

«ግባ ልጄ፣ ግባ። ተቀመጥ። ተጫወት እንጂ!»

«ፈቃዴ ቢሮ ነው፣ እማማ» አለ ምትኩ።

«ጨዋታ» የሚለው ቃል ለሥራ ብቻ እንዲውል በአዋጅ ከተወሰነ ቆይቷል፤ እንግዳ የሚባለው «አውሩ» ነው። ወይዘሮ ዚነት አዋጁ ሲወጣ ለቅሶ ቤት ነበሩ።

ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። በዳንቴሉ ላይ ፎጣ አለ። በፎጣው ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ።

«ይኼን ማን አለበሰው?»

«እኔ ነኛ» አሉ ወይዘሮ ዚነት። «ሲሠራ እንዴት እንደሚያልበው አታውቅም? ያላበው ነገር ደግሞ በር ሲከፈት ብርድ ይመታዋል።»

«ኮምፒውተር ብርድ አይመታውም። ብርድ ይወዳል።»

«ባሌም እንዲሁ ሲል ነው የሞተ።»

ምትኩ አበባውን፣ ፎጣውን፣ ዳንቴሉን በቅደም ተከተል አነሣ። ከማንሣቱ በፊትም በኋላም ሙቀት መለኪያውን አስጠጋ። በዳንቴል ሰማንያ አንድ፣ ያለ ዳንቴል ሃምሳ አራት። ማስታወሻው ላይ ጻፈና «ተገኘ» አለ። ይመር ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«እማዬ፣ ባለፈው ሳምንት ሰኞ ዳንቴሉን አጥበሽው አልነበር?» አለች ሉባባ።

«ሰኞ? አዎ። ገመድ ላይ ነው የዋለ። ጭጋግ ስለነበር ሊደርቅ ነው?»

የመጀመሪያው ድፍት ሰኞ ነበር። ምትኩ «ተገኘ» የሚለውን ሰረዘ።

ስታብላይዘሩን አየ፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ገመዶቹን አንድ በአንድ ሳባቸው፤ ሁሉም ጥብቅ ናቸው። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቶ በብሩሽ ጠረገው፤ ከአቧራው ውስጥ ሉባባ ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ስትፈልገው የነበረ አንድ የጆሮ ጉትቻ ወጣ። ሚሞሪውን ነቅሎ ይዞት በመጣው ቀየረ። ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ የኮምፒውተሩን መዝገብ ከፍቶ አነበበ። ሦስቱም ጊዜ፣ ከመጥፋቱ በፊት የጻፈው የመጨረሻ መስመር አንድ ነው፦ «ተረካቢ አልተገኘም»።

ምትኩ ይህን ዓረፍተ ነገር በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አይቶት አያውቅም።

«ከመጥፋቱ በፊት ምን እያደረግክ ነበር?» ብሎ ይመርን ጠየቀው።

«እየወጣሁ ነበር። ሰውዬውን እንቅፋት መታው። ከዚያ ጨለመ።»

«ሦስቱንም ጊዜ?»

«ሦስቱንም።»

«በሌላ ቀንስ እንቅፋት አይመታውም?»

«በቀን አንድ ሁለቴ መች ይቀርለታል፣ ጋሼ። ድንጋይ ነው ዳገቱ። ግን ይነሣል፣ ይሄዳል።»

«ታዲያ በሦስቱ ቀናት ምን የተለየ ነገር ነበር?»

ይመር አማቱን አየ። ቶሎ ብሎ ጣሪያውን አየ።

«ምን ጣሪያ ያሳይሃል? እኔ ነበርኩ በል እንጂ» አሉ ወይዘሮ ዚነት። «በሌላው ቀን ጠዋት ጠዋት ለቅሶ ነው የምውል። አገሩ ሁሉ በዚህ ወር ሊሞት ተስማማ መሰለኝ። በሦስቱ ቀን ግን እዚህ ነበርኩ። ቁጭ ብዬ ሳየው።»

«ሲያዩት ይናገራሉ?»

«እኔ? ሥራ ላይ ያለ ሰው ይወራል እንዴ! ቃል አይወጣኝም።»

«እውነቷን ነው» አለች ሉባባ። «አንድም ቀን ስታወራ አልሰማሁም።»

ይመር ምስክር ሊሆን አልቻለም፤ ሲጫወት ሁለት ጆሮውም በማዳመጫ የተደፈነ ነው። ኮምፒውተሩ በማይኩ የሚሰማውን ድምፅ ማስቀመጥ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። መስማት አልተከለከለም።

ምትኩ ጨዋታውን ወደ ልምምድ አዞረውና ይመር አውቆ እንዲወድቅ አዘዘው፤ በልምምድ የተፈጠረ ድፍት አይቆጠርም። ወይዘሮ ዚነት በተለመደው ቦታቸው፣ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ይመር ማዳመጫውን አድርጎ ሰውዬውን ከድንጋይ ጋር አጋጨው። ምንም። ድጋሚ። ምንም። በስድስተኛው ላይ ወይዘሮ ዚነት ወደ ልጃቸው ዘንበል ብለው «አውቆ ነው'ኮ የሚወድቀው» አሉ፤ እጃቸውን አጣምረዋል።

«እማማ፣ ልክ እንደ ሌላው ቀን ይሁኑ» አለ ምትኩ።

«በሌላውም ቀን እንዲሁ ነኝ።»

ምትኩ ተስፋ ቆረጠ። መርማሪ ተስፋ ሲቆርጥ የሚሞላው ቅጽ አለ፤ ቅጹ ቦርሳው ውስጥ ነው፤ ቦርሳው በር አጠገብ። ተነሣ። ቀኝ እግሩ በስታብላይዘሩ ገመድ ተጠለፈ፤ ሙቀት መለኪያውን ወደ ላይ እንደያዘ በሁለት ጉልበቱ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ።

«እኔን!» አሉ እናትና ልጅ በአንድ አፍ።

ስክሪኑ ጨለመ። ከጨለማው መሀል ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ተረካቢ አልተገኘም»።

ወይዘሮ ዚነት ሊያነሡት መጡ። ምትኩ አልተነሣም። ተንበርክኮ ስክሪኑን ያያል።

«ምን አላችሁ?»

«ጉልበትህን እየው፣ ተላልጦ እንደሆን።»

«እማማ፣ አሁን ስወድቅ ምን አሉ?»

«ምንም አላልኩ።»

«ሉባባ?»

«እኔም ምንም። ደነገጥኩ እንጂ።»

«‹እኔን› ብላችኋል።»

«አሄሄ!» አሉ ወይዘሮ ዚነት። «እሱ ቃል ነው? እሱ ትንፋሽ ነው።»

ምትኩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቦርሳው ውስጥ የነበረውን የጨዋታው የመስከረም ማሻሻያ ወረቀት አወጣና አነበበላቸው። «የቃል ርክክብ» ይላል። የደከመ ተጫዋች ሸክሙን አብሮት ላለ ሰው ማስተላለፍ ይችላል፤ ተረካቢው «እኔ ልያዝ»፣ «ለእኔ» ወይም ይህን የመሰለ ነገር በድምፅ ከተናገረ በቂ ነው። ማሻሻያውን የጻፉት፣ ሰው ሲወድቅ ዝም በሚባልበት አገር ያደጉ መሆን አለባቸው። ወይዘሮ ዚነት «እኔን» ባሉ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይሰማል፤ ያምናል፤ እንስራውን ከይመር ጀርባ አንሥቶ ወደ እሳቸው ይዞራል። ወይዘሮ ዚነት ግን ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ስድሳ አምስት ያለፈው ሰው በተጫዋቾች መዝገብ ላይ የለም። ሉባባም በእርግዝናዋ ምክንያት ለጊዜው ተሠርዛለች። ኮምፒውተሩ እንስራውን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል፤ ሲያጣ ድፍት ይላል።

ወይዘሮ ዚነት በርጩማቸውን ከኮምፒውተሩ ራቅ አደረጉ።

«ሰባ ዓመት ሙሉ ‹እኔን› ብያለሁ» አሉ። «ለልጅ፣ ለጎረቤት፣ ለአህያ። አንድም ቀን ‹እሺ፣ እንኪ ያዢው› ያለኝ የለም።» ወደ ኮምፒውተሩ በጥርጣሬ ተመለከቱ። «አሁን ነው ሰሚ የመጣብኝ?»

«ጥፋቱ የርስዎ አይደለም፣ እማ» አለ ይመር።

«የማን ነው ታዲያ? ልጅህን ሊያሳጣህ የነበረው የኔ አፍ ነው። ነገ በጠዋት ሐይቅ እገባለሁ።»

«መሄድማ አይችሉም» አለ ምትኩ።

የመመሪያው አንቀጽ ግልጽ ነው። ምርመራ በተደረገ ማግስት፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት፣ የማረጋገጫ ጨዋታ ይደረጋል፤ ድፍቱ ሲደርስ የነበሩ ሰዎች በሙሉ በየቦታቸው ይገኛሉ። አንድ ሰው ከጎደለ እንደ አራተኛ ድፍት ይቆጠራል። ድፍት ካለም አራተኛ ድፍት ነው። መርማሪው የራሱን መታወቂያ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ እስከ መጨረሻው ይቀመጣል።

«ስለዚህ አፌን ብቻ ነው ይዤ የምቆይ» አሉ ወይዘሮ ዚነት። «ሦስት ሰዓት ምን አላት?»

ለመሞከር ያህል ሉባባ ማንኪያ ጣለች።

«እኔን!»

«ሌላ ቃል ይለማመዱ» አለ ምትኩ። «ለምሳሌ ‹አብሽር›።»

«አብሽር። አብሽር። አብሽር። ገባኝ።»

ሉባባ ክዳን ጣለች። «እኔን!» ይመር ጫማውን ጣለ። «እኔን!» ምትኩ ሳያስጠነቅቅ እርሳሱን ጣለ።

«እኔ… አብሽር!»

«እርሳስ እኮ ነው፣ እማማ።»

«እርሳስ ነፍስ የለውም ብለህ ነው? አየው፣ አፍንጫው ተሰበረ።»

አመሻሹ ላይ አሥራ ሁለት ዕቃ ወድቆ አንድ «አብሽር» ተገኘ፤ እሱም ግማሹ ነው። የውሃውን ሐሳብ ያመጣችው ሉባባ ናት። አፉ ውሃ የያዘ ሰው እንኳን «እኔን» ስሙንም አይልም፤ ለጥንቃቄ እሷም ትይዛለች።

ምትኩ ወደ ቤቱ ሄደ። ብቻውን ነው የሚኖር። ደረጃው ላይ ጨለማ ስለነበር አንድ ጊዜ ተደናቀፈ፤ ቆሞ ትንሽ ጠበቀ። ምን እየጠበቀ እንደሆነ ሲገባው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በየቦታው ነበር። ይመር ማዳመጫውን አድርጎ ጆይስቲኩን ጨበጠ። ምትኩ መታወቂያውን ሰክቶ ከጎኑ ተቀመጠ። ከኋላቸው፣ ወይዘሮ ዚነት በርጩማቸው ላይ፣ ሉባባ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ጉንጫቸው ተነፍቶ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ጆግ አለ።

የመጀመሪያው ሰዓት ያለ ችግር አለፈ። በሁለተኛው፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በዳገቱ ላይ ጭጋግ ወረደ። ሰውዬው እርጥብ ድንጋይ ረገጠ፤ ግራ እግሩ ከዳው፤ በአንድ ጉልበቱ ወረደና እንስራው ወደ ገደሉ አዘነበለ። ወይዘሮ ዚነት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሉባባ ጭኗን በጥፊ መታች። ሁለቱም ውሃቸውን አልለቀቁም።

«እኔን!» አለ ምትኩ።

ድምፁ ግልጽና ደረቅ ነበር፤ ስብሰባ ላይ የሚናገርበት ድምፅ።

ስክሪኑ አልጨለመም። ኮምፒውተሩ ዞሮ ፈለገ፤ የመርማሪውን መታወቂያ አገኘ።

«ርክክብ ተፈጽሟል» አለ በደስታ። «አቶ ምትኩ ወልዴ፣ እንኳን ደህና መጡ። ሸክሙ የእርስዎ ነው።»

ይመር ማዳመጫውን አወለቀ። ሁሉም ምትኩን አዩት። ምትኩ መመሪያውን በአእምሮው ገለጠ። የማረጋገጫ ጨዋታው እስከ ስድስት ሰዓት ካልተቋረጠ የይመር ፈቃድ ይጸናል፤ ከተቋረጠ ግን ጆይስቲኩ በማን እጅ እንደነበር አንቀጹ አይጠይቅም፤ ያስረከበ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን መልሶ መረከብ አይችልም። አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ምትኩ መርማሪ ከሆነ ወዲህ ጆይስቲክ የሚነካው ለመጥረግ ብቻ ነው።

ይመር ቦታውን ለቀቀለት።

«የሚያስኬደው የትኛው ነው?»

«ግራው፣ ጋሼ። እሱ ቀኝ ነው። ግራ… የርስዎ ግራ!»

ሰውዬው ተነሣ፤ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ በግንባሩ ተደፋ።

ምትኩ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ቃል የለም። ከኋላው ግን አንድ ድምፅ ሰማ፤ «ጉርጭ»። ወይዘሮ ዚነት ውሃውን ዋጡት። ሉባባ ወዲያው ከጆጉ ብርጭቆ ሞልታ ሰጠቻቸው።

«ይነሣል» አለ ይመር፣ ጥርሱን ነክሶ። «አውራ ጣትዎን ያላሉት። እንደ ሕፃን እጅ ይያዙት።»

ሰውዬው ወጣ። ተንሸራተተ። «ጉርጭ።» ወጣ። ከቁጥቋጦ ጋር ተጋጨ። «ጉርጭ።» ይመርም የራሱን አፍ ማመን ስላቃተው የሹራቡን እጅጌ ነከሰ፤ ከዚያ በኋላ መመሪያ የሚሰጠው በጣቱ ነበር። አምስተኛው ላይ እንስራው ከሰውዬው ጀርባ ተንሸራትቶ በክንዱ ብቻ ቀረ። የምትኩ ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ከኋላው የሉባባ ጉሮሮ ጮኸ፤ ቀጥሎ የእናቷ። ምትኩ አልዞረም። ጆሮው ግን ወደ ኋላ ነበር፤ አንድ ሰው ስለ እሱ ቃል ሲውጥ መስማት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር። እንስራውን ቀስ ብሎ መልሶ አዘለው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሰውዬው ከተራራው ጫፍ ሃያ እርምጃ ርቆ፣ ቆሞ፣ እንስራውን እንደያዘ ነበር።

«ጨዋታው ተጠናቋል» አለ ኮምፒውተሩ። «ብልሽት፦ የለም። ይመር አሊ፦ ተጫዋች።»

ይመር ተነሥቶ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለ። ስታብላይዘሩን አጠፋ። ተመልሶ ማይኩን ነቀለና ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ ነው ሉባባ አጠገብ ሄዶ ወለሉ ላይ የተቀመጠው፤ ግንባሩን ሆዷ ላይ አስደግፎ።

«አሁን አይሰማም?» አሉ ወይዘሮ ዚነት።

«አይሰማም።»

አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ወደ ምትኩ ዞረው ተቀመጡና ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ።

«እኔን» አሉ፣ በአውራ ጣታቸው። «በግንባርህ ስትደፋ። እኔን፤ ጭቃው ላይ። እኔን፤ ቁጥቋጦው። እኔን። እኔን፤ ያቺ እንስራ ስትንሸራተትማ ነፍሴ ወጥታ ነበር። እኔን። እኔን።» ሰባት ጣት ሆነ። «ሁሉንም ይዤልህ ነበር።»

ምትኩ ማስታወሻውን ከፈተ። ጆሮው ቀልቷል።

«ስምንት ነው፣ እማማ።»

«ስምንት?»

«ስድስት ሊሞላ ሲል አንዴ ወድቄያለሁ። ቀስ ብዬ ስለነበር አላዩኝም ይሆናል።»

ወይዘሮ ዚነት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እኔን!» አሉ፣ ከሰባቱ ሁሉ አስረዝመው።